የእማዋይሽ ንስሐ

የእማዋይሽ ላም ማመስኳት ያቆመችው ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እማዋይሽ ጥጋብ ነው ብላ ዝም አለች። በማግስቱ የላሟ ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሣር ቢያቀርቡላት ታሸታለች እንጂ አትነካም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከተኛችበት መነሳት አቃታት።

እማዋይሽ ከሚሴ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ዘርግታ የምትሰፋ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ሀብት ይህች መኪናና ዳሚቴ እያለች የምትጠራት ዳማ ላሟ ነበሩ። ዳሚቴ እንደ ከተማ ላም ሁሉ ጠዋት ትለቀቃለች። ከቦርከና ዳር እስከ ገበያው ጀርባ ያገኘችውን ስትለቃቅም ትውልና ማታ ራሷ መጥታ በሩን በግንባሯ ትገፋለች።

የእንስሳት ሐኪሙን ሙሀመድአሚንን ሮጣ የጠራችው ጎረቤቷ ረቢአ ነበረች። ሙሀመድአሚን የላሟን ሆድ በቡጢው ጫን ጫን አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ዘግይታችኋል» አለ። «ከታመመች ስንት ቀኗ ነው?»

«ሦስት።»

«የሦስት ቀን አይደለም፣ እማዋይሽ። ይሄ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሲጠራቀም የቆየ ነው።»

ዳሚቴ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። እማዋይሽ በሽታው ለጎረቤት ከብት እንዳይተርፍ ፈርታ ክፈትና እየው አለችው። ሙሀመድአሚን ጓንቱን አጥልቆ ጨጓራዋን ሲሰነጥቀው የወጣው ሣር አልነበረም። ፌስታል ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እርስ በርሱ እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል። ሁለት እጁን አስገብቶ እየጎተተ ሲያወጣው አንድ እንስራ የሚያህል ክምር ሆነ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለች ረቢአ አፏን በሻሿ ይዛ።

እማዋይሽ ወደ ክምሩ አጎንብሳ ቀረች። ከፌስታሎቹ አንዳንዶቹ አፋቸው በቀይ የጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል። ቅዳጁን ታውቀዋለች። የቤቷን ጥራጊ፣ የሽንኩርት ልጣጩንና የሻገተውን እንጀራ ፌስታል ውስጥ ጨምራ፣ ከስፌት በተረፈ ቅዳጅ አፉን ቋጥራ፣ ከአጥር ውጭ የምትወረውረው እሷ ናት። ሌላው ሰው ፌስታሉን በራሱ ጆሮ ነው የሚቋጥረው። ቅዳጅ ያለው ልብስ ሰፊ ቤት ብቻ ነው። ቀዮቹን ቋጠሮዎች አንድ ሁለት እያለች ዘጠኝ ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ተወችው።

«ያበላኋት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን ነካሽ? ከተማው ሁሉ እኮ ይጥላል!» ረቢአ ትከሻዋን ያዘቻት። «አብሽሪ። የአላህ ቀደር ነው።»



በሳምንቱ የንስሐ አባቷን መምሬ አፈወርቅን ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። መምሬ አፈወርቅ ሰባውን ያለፉ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ካህን ናቸው። ከቅጥሩ ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ላሜን ገደልኩ» አለቻቸው መስቀሉን ከተሳለመች በኋላ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። መምሬ ሲጀመር ፈገግ ብለው ነበር። የቀዩ ቋጠሮ ነገር ላይ ስትደርስ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ባለማወቅ ነው ልጄ።»

«እስካሁንስ ባለማወቅ ነው። አሁን ግን አወቅሁ።»

መምሬ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አዳም ገነት ሲገባ ሥራው ምን ነበር? ብላ ብቻ ተባለ? አልተባለም። አብጃት፣ ጠብቃት ነው የተባለው። እኛ መብላቱን ይዘን መጠበቁን ጣልነው። ይሄ ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ለኔም ነው። በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ አርባ ስገጂ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አይደገም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ቃል የካህን ልማድ ነው ብሎ ሰምቶ ያልፋት ነበር። እማዋይሽ ቃሏን ይዛት ወደ ቤቷ ወረደች።

የመጀመሪያው ለውጥ ቀላል ነበር። የእናቷን ዘንቢል ከቆጥ አውርዳ አቧራውን አራገፈችና ገበያ ይዛው ወጣች። ቲማቲሙ ከታች ተጨፍልቆ ሽሮውን አበላሸው። በማግስቱ ከአቡጀዲ ትርፍራፊ ትናንሽ ከረጢቶች ሰፋች፤ አንዱን ለሽሮ፣ አንዱን ለምስር፣ አንዱን ለበርበሬ፣ አፋቸው በክር የሚሳብ። ዘይት ቤት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ስትሄድ ባለሱቁ በላስቲክ የታሸገው ይቀልሻል ብሎ ሳቀባት። ስኳሩን በደብተር ወረቀት ጠቅልልልኝ አለችው፤ ወረቀት ፍለጋ ሱቁን ሲያገላብጥ ሰልፈኛው አጉረመረመ። የሚጣለውን የፈሳሽ ሳሙና ከረጢት ትታ ወደ ድሮው ደረቅ ሳሙና ተመለሰች። መንገድ ስትወጣ የታሸገ ውሃ መግዛት አቁማ ባሏ ለእርሻ ይይዘው የነበረውን ቅል አንጠለጠለች። ሰው ቅሉን እያየ ጠበል ልትሄጂ ነው ይላታል። «አዎ» ትላለች፣ ለማስረዳት ሲታክታት።

ሁሉን ማስወገድ እንደማትችል ታውቃለች። ውሃ የምትቀዳበት ጀሪካን ፕላስቲክ ነው፤ እግሯ ላይ ያለው ጫማም እንዲሁ። ቢሆንም አንድ ፌስታል እምቢ ባለች ቁጥር አንድ ስግደት የሰገደች ያህል ይሰማታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደስታ በልቧ ገብቶ አያውቅም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ የሚጣል ኩባያ አልገዛም ብላ ስልሳ ጣሳ ከየቤቱ ለምና አመጣች። ሴቶቹ ጣሳ ማን ያጥባል ብለው ተነጫነጩ። አንዷ «እማዋይሽ አዲስ ሃይማኖት አመጣችብን» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። ጸበል ጻዲቁ አልቆ ሁሉም ሲበተን ስልሳውን ጣሳ ብቻዋን ተቀምጣ አጠበች። እያጠበች «ለአንተ ነው፣ ለአንተ ነው» ትላለች። ከሠላሳው በኋላ ግን ለማን እንደሆነ ለራሷም አልታወቅ አላት፤ እጇ ብቻ ይሠራል።

ከሁሉ የከበዳት የረቢአ ነገር ነበር።

ረቢአ የቤት ጎረቤቷ ብቻ አልነበረችም። በገበያም አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እማዋይሽ በመኪናዋ ፊት፣ ረቢአ በዕቃዋ ፊት። ጠዋት ጠዋት ረቢአ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ?» ብላ እንዴት እንዳደረች ስትጠይቃት፣ እማዋይሽም በዚያው በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ «እህቴ» መባባሉን ከደም እህቶቻቸው ይልቅ ለመዱት። በዚያ ክፉ ዓመት፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ የእማዋይሽን የስፌት መኪና በጀርባዋ አዝላ ቤቷ ወስዳ ከሣር ክምር ሥር የደበቀችላት ረቢአ ናት። ባይሆን እማዋይሽ ዛሬ እጇ ባዶ ነበር።

የረቢአ ሸቀጥ ደግሞ ፌስታል ነው። ከጅምላ ነጋዴ በጥቅል ታመጣለች፣ ለአትክልት ሻጩም ለጫት ሻጩም ትቸረችራለች። ባሏ አብደላ ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ልጇን ኢማንን የምታስተምረውም በዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ረቢአ ቀለደችባት። «የላም ሐዘንሽ እስኪወጣ ነው፤ ዓመት አይሞላም» ትላታለች። እማዋይሽ ከጨርቅ ትርፍራፊ የሰፋቻቸውን ከረጢቶች ለደንበኞቿ በነጻ መስጠት ስትጀምር ቀልዱ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ረቢአ ከአንዲት ሴትዮ ጋር በፌስታል ዋጋ ስትከራከር፣ ሴትዮዋ የእማዋይሽን ከረጢት ከብብቷ አውጥታ «ለካ ይሄ አለኝ» ብላ ሄደች። ረቢአ ሴትዮዋን በዓይኗ ሸኘቻትና ወደ እማዋይሽ ዞረች።

«ለነፍስሽ ስትዪ የኔን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?»

«አንቺን ምን ብዬ?»

«ንጽህና የእምነት ግማሽ መሆኑን እኛም ተምረናል። አልተማርንም? ቆሻሻ እወዳለሁ መሰለሽ? ልጄ ደብተር ትፈልጋለች። አብደላ መድኃኒት ይፈልጋል።»

እማዋይሽ አፈረች። ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ አድራ ጠዋት አርባ የአቡጀዲ ከረጢት ለረቢአ አመጣችላት። «እነዚህን ሽጪ። ጨርቁንም ጉልበቱንም እኔ እችላለሁ፤ ትርፉ ያንቺ» አለቻት። ረቢአ ሳቀች፣ አቀፈቻት፣ ከረጢቶቹን ከፌስታሉ ፊት ደረደረች። በወር ውስጥ የተሸጠው ሰባት ነው። የጨርቁ ከረጢት ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ ገበያተኛው ግን ዋጋውን ከአንድ ቀኑ ፌስታል ጋር እያነጻጸረ ያልፈዋል። አቡጀዲው በፀሐይና በአቧራ ቢጫ ሆነ። ረቢአ አጣጥፋ መለሰችላት፤ እማዋይሽም ተቀበለች። ፍቅራቸው ግን አልተቋረጠም። ለዒድ የረቢአን ቤት ያጸዳችው እማዋይሽ ነበረች፣ ለገና የእማዋይሽን ግቢ የጠረገችው ረቢአ ነበረች።

በተከታዩ ዓመት ስስ ፌስታል የሚከለክል አዋጅ መውጣቱ በሬዲዮ ተነገረ። ገበያው ለጥቂት ቀን ተንጫጫና ዝም አለ። ፌስታሉ ከጠረጴዛ ላይ ወደ ጠረጴዛ ሥር ወረደ እንጂ አልጠፋም።

ከዚህ በኋላ ነው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር እማዋይሽን ፈልጎ የመጣው። በከተማው አዳራሽ ስለ ፌስታል ስብሰባ እንደሚደረግ፣ የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች እንደሚገኙ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኩል እሷ እንድትናገር መመረጧን ነገራት።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምን እናገራለሁ?»

«ያደረግሽውን ተናገሪ። እምነታችን ምድርን ስለ መጠበቅ የሚለውን ተግባራዊ ያደረግሽ አንቺ ነሽ።»

ሲስቁባት የከረሙት ሰዎች ዛሬ ተመረጥሽ ሲሏት ደስ አላት። ይህን በኋላ ራሷ ለራሷ አልደበቀችውም፤ ደስ ብሏታል። ነጠላዋን አጥባ ሄደች።

አዳራሹ ፊት ለፊት «ምድራችንን ከፕላስቲክ እንታደግ» የሚል ትልቅ የፕላስቲክ ባነር ተሰቅሏል። በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ውሃውንም ባነሩንም የቻለው ከፊት ወንበር የተቀመጠው የከተማው የፕላስቲክ ዕቃ ጅምላ ነጋዴ መሆኑን መድረክ መሪው አስታውቆ አስጨበጨበለት። እማዋይሽ ሰውየውን አወቀችው። የረቢአ ጥቅሎች የሚወጡት ከእሱ መጋዘን ነው።

ተራዋ ሲደርስ ቆመች። የላሟን ነገር ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀይ ቋጠሮው ላይ ስትደርስ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ የመጣችበትን፣ በሆዷ ያሰበችውን ትልቁን ነገር ተናገረች።

«ጥፋቱ የሻጭ አይደለም። አጠገቤ ፌስታል የምትሸጠው ረቢአ እህቴ ናት። ባሏ ታሟል፣ ልጅ ታስተምራለች። ዛሬ ድረስ ትሸጣለች፣ ምን ታድርግ? ከልክላችሁ ብቻ አትተዉአት። ለእሷና ለመሰሎቿ መጀመሪያ ሌላ ሥራ ስጧቸው። ይሄን ነው የምለምነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ሠራተኛ አጎንብሶ ሲጽፍ አየች። ልመናዬን ጻፈልኝ ብላ ተስፋ አደረገች። ስትወጣ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፤ ወረቀቱ በላስቲክ ተለብጧል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች ገበያ ገቡ። አራት ናቸው። በአትክልት ተራው በኩል ሲያልፉ ከየጠረጴዛው ሥር ፌስታሉ ይታያል፤ ዞር ብለው አላዩትም። አንደኛው በእጁ የያዘውን ወረቀት አይቶ ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ረቢአ የምትባለው የቷ ናት?»

እማዋይሽ እግሯ ከመኪናው ፔዳል ላይ ቀዘቀዘ።

ረቢአ «እኔ ነኝ» ብላ ቆመች። ያላትን ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ጥቅል አወጡት። ቅጣት የተጻፈበት ወረቀት ሰጧት። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ማዳበሪያዎቹ በጋሪ ሲጫኑ ቆማ አየችና ወደ እማዋይሽ ዞረች።

«ስሜን ከየት አገኙት?»

እማዋይሽ መዋሸት ትችል ነበር። ገበያው ሁሉ ያውቅሻል ብትላት ያስኬዳል። «እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች። «በአዳራሹ። እንዲረዱሽ ብዬ…»

«እንዲረዱኝ?»

«ሥራ እንዲሰጡሽ ብዬ ለመንኩ። ማርያምን።»

ረቢአ የያዘችውን ወረቀት አራት ቦታ አጠፈችው፤ ከዚያ ወደ ስምንት አጠፈችው።  ጠረጴዛዋን አንስታ ሄደች።

እማዋይሽ መኪናዋን ሳትሸፍን ወደ ከተማው አስተዳደር ቢሮ ሮጠች። አዳራሹ ውስጥ ሲጽፍ ያየችውን ሠራተኛ አገኘችው። በጨዋ ቃል ነው ያናገራት።

«እናቴ፣ አዋጅ ነው። የሚሸጥ ሰው መኖሩን በሕዝብ ፊት የተናገሩት እኮ እርስዎ ነዎት። ዝም ብንል እኛ እንጠየቃለን።»

«ጅምላ ነጋዴውስ?»

«ጥቆማ አልደረሰንም።»

«እኔ ልጠቁም። መጋዘኑን አውቀዋለሁ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይሂዱ እናቴ። ፀሐዩ ሳይበረታ ይሂዱ» አላት።

ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም አላት። ወደ መምሬ አፈወርቅ ሄደች። መምሬ ግን ተነሡ። በትራቸውን ይዘው፣ እየተንቀረፈፉ፣ ከእሷ ጋር እስከ ቢሮው ሄዱ። ነገ ይምጡ አሏቸው። በማግስቱም ሄዱ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጉልበታቸው አልሄድ አለ።

ረቢአ ሁለተኛ ገበያ አልወጣችም። በሩን ሲያንኳኩ ኢማን ብቅ ትልና «እማዬ ተኝታለች፣ እትዬ» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት እማዋይሽ የሰፋችውን ሁሉ ሸጣ ያገኘችውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። በሩ ክፍት ነበር። ቤቱ ውስጥ ዕቃ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አብደላ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሲያያት ራሱን ዝቅ አደረገላት፤ የመናገር አቅም አልነበረውም።

«ባቲ እህቴ ጋ ልንሄድ ነው» አለች ረቢአ ከደጃፉ ሳትንቀሳቀስ። ግቢ አላለቻትም።

«ይሄን ያዢ።»

«አልይዝም።»

«ረቢአ፣ ስለ አሥራ ስምንት ዓመት ብለሽ።»

«ስለ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው የማልይዘው። ሌላ ሰው ቢሆን እቀበለው ነበር።» ድምፅዋ አልተነሳም። «በአላህ ፊት አልጠላሽም። ክፉ እንዳላሰብሽም አውቃለሁ። ክፉ ብታስቢ ይሻለኝ ነበር፤ እረግምሽና ይወጣልኝ ነበር። አንቺ ግን ጥሩ ሰው ሆነሽ ነው ያፈረስሽኝ። ምን እላለሁ?»

 ረቢአ ወደ ውስጥ ተመልሳ ዕቃ መጠቅለሏን ቀጠለች።

ከሄዱ በኋላ እማዋይሽ ዘንቢሉንም ከረጢቶቹንም አልተወችም። ብትተዋቸው የሆነው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው፤ ብትይዛቸውም የሚመልሱላት የለም። እንደ ጾም ያዘቻቸው፣ በደረቁ። ገበያ ውስጥ አንዳንዶች ያከብሯታል፣ አንዳንዶች ደግሞ እሷ ስትመጣ ፌስታላቸውን ፈጥነው ከጠረጴዛ ሥር ይከታሉ። እንደ ጠቋሚ ነው የሚያዩዋት። ይህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። መምሬ አፈወርቅ «በሐሳብሽ አልበደልሽም» ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። «በምላሴስ?» አለቻቸው። 

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሙሀመድአሚን ካፖርቱን ሊያስጠግን መጣ። በሥራ ጉዳይ ባቲ ቆይቶ መመለሱን እያወራ ነበር። በመሃል «አብደላንም አላህ ይዘንለት» አለ።

እማዋይሽ መርፌውን ከጨርቁ ሳታወጣ ቀና አለች። «የቱን አብደላ?»

«የረቢአን ባል ነዋ። አርባው እኮ አለፈ።» ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። «አልሰማሽም እንዴ? እኔማ ቀብሩ ላይ የነበርሽ መስሎኝ…»

የእማዋይሽ ባል ሲሞት ለቀብሩ አካፋ ይዞ ቀድሞ የደረሰው አብደላ ነበር። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ሳይሰባሰቡ እሱ ግማሹን ቆፍሮ ጨርሶ ነበር። ሰው ሲሞት መርዶ ጠላትም አይከለከልም፤ ጸብ ያለ እንደሆነ በዚያ ቀን ይረሳል፣ ለቅሶ ላይ ተላቅሶ ይታረቃል። ረቢአ ግን አላስነገረቻትም። እማዋይሽ ለሙሀመድአሚን ካፖርቱን አጣጥፋ እንዳለ መለሰችለት፤ ዛሬ አልሰፋም አለችው።

ሰኞ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ቀይራ ባቲ ወረደች። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ከአፋር የወጣው፣ ከደጋ የወረደው ሁሉ አንድ ላይ ይተራመሳል። ሙቀቱ ጥቁር ልብሷን ከገላዋ ጋር አጣበቀው። ከጠየቀቻቸው ሴቶች አንዷ ጨው ተራ ውስጥ ፈልጊ አለቻት።

ረቢአን ጨው ስትሰፍር አገኘቻት። ፊቷ ከስቷል፣ እጇ በጨው ነጥቷል። ኢማን ከኋላዋ ማዳበሪያ እየፈታች ነበር፤ እማዋይሽን ስታይ ልትነሳ ቃጣችና የእናቷን ፊት አይታ ተቀመጠች።

እማዋይሽ ከጨው ክምሩ ፊት ቆማ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ስትጀምር ረቢአ እጇን አነሳች።

«ለቅሶ ከሆነ አልፏል። ሰው ይሰበሰብብኛል።»

«ለምን አላስነገርሽኝም?» አለች እማዋይሽ። «ጠላት እንኳ ይነገረዋል እኮ።»

«ዘመዶቼ ሊነግሩሽ ፈልገው ነበር። ስሟን ንገሪንና ሰው እንላክባት አሉኝ።» ረቢአ መስፈሪያውን ከጨው ክምሩ ላይ አስተካከለች። «ስም መጥራት ፈራሁ። ስም መጥራት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።»

አንድ አፋር ሽማግሌ መጥቶ ጨው ጠየቀ። ረቢአ ሰፈረችለት። ሌላ መጣ፣ ለእሱም ሰፈረች። እማዋይሽ መሬት ላይ፣ ከክምሩ ጎን፣ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ተነሺ ያላትም የለም፣ ቁጭ በይ ያላትም የለም። ፀሐዩ ከአናት እስኪያልፍ እዚያው ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ኢማን በጣሳ ውሃ አምጥታ አጠገቧ አኖረችላት፤ ረቢአ አየች፣ አልከለከለቻትም። እማዋይሽ ውሃውን ጠጣች።

ገበያው መሳሳት ሲጀምር ረቢአ ዓይኗን ከጨው ሳታነሳ «የመጨረሻው መኪና ያመልጥሻል» አለች።

እማዋይሽ ተነሣች። «አላህ ያጽናሽ» አለች።

«አሚን» አለች ረቢአ።

መኪናው ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከወደ ሐርቡ ናት፤ በጣም ታወራለች። የእማዋይሽን ጥቁር ልብስና ያበጠ ዓይን ስታይ ወሬዋን አቋርጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከለቅሶ ነሽ እንዴ፣ እናቴ? ማን ሞተብሽ?»

እማዋይሽ በመስኮቱ ወደ ቆላው ዞረች።

«ወንድሜ» አለች።

«እኔን! እግዜር ያጽናሽ» አለች ሴትዮዋ እጇን ይዛ። ከኋላ ወንበርም አንዲት ሙስሊም ሴት ሰማቻቸው፤ እሷም «አላህ ይዘንለት፣ አብሽሪ» አለቻት። ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። የማታውቃቸው ሰዎች ተራ በተራ ነፍስ ይማር አሏት፣ እሷም ለእያንዳንዱ አሜን እያለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ ኮምቦልቻ እስኪገቡ ድረስ አለቀሰች።